ምትክ ባሩድ በአያ ዋሴ ተዝካር

የቀኝ ቅንድቤ ለሁለት ወር ያህል የሚስቴ ኩል ነበር። ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመውጣቴ በፊት ስንዱ በር ላይ ታቆመኝና አገጬን ይዛ፣ እንደ ሙሽራ አቅንታ ትኩለኛለች። ዝናብ የመታኝ ቀን ጥቁር እንባ በአንድ ጉንጬ ላይ እየወረደ ስለ ሰምና ወርቅ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ደጎች ናቸው፤ አንገታቸውን ደብተራቸው ውስጥ ቀብረው ነው የሚስቁት። የፊዚክሱ አስተማሪ ብቻ "የግራውንም ላጨውና ተገላገል" ብሎ መከረኝ። እሱ የሚመክረው ሁሉ ትክክል ስለሆነ አልወደውም።

ቅንድቤ የት እንደሄደ ልንገራችሁ። ነገሩ ረጅም ነው፤ እኔም ደክሞኛል። ግን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል፤ ሌላ ሰው ሲያወራው በቅሎዋ ትሞታለች። በቅሎዋ አልሞተችም።

የሚስቴ ወገኖች ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ በጉና ግርጌ፣ ገብስና ስንዴ የሚያርሱ ጨዋ ገበሬዎች ናቸው። ለእነሱ የተማረ የተማረ ነው፤ ምን ተማርክ ብሎ የጠየቀኝ የለም። አማርኛ አስተማሪ መሆኔን ስነግራቸው አማቴ አያ ገረመው ትንሽ አሰቡና "አማርኛውንስ ሁላችንም እንችለው የለ፤ ሌላውን ማለቴ ነው" አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። የበግ መድኃኒት ብልቃጥ፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ የሬዲዮ ካርቶን። አንዲት ጎረቤት ከሐኪም የተሰጣትን ወረቀት ይዛ ሁለት ሰዓት በእግሯ መጣች። ጽሕፈቱን ሳየው ዶሮ የጫረው መሬት ነው። ጨነቀኝና "ደህና ነሽ ይላል" አልኳት። ደህና ሆነች። እንዲህ ያለ ዕድል ነው ሰውን የሚያበላሸው።

"አላውቅም ብትላቸውስ?" ትሉኝ ይሆናል። እስቲ እናንተ የአማት ቤት ግቡ፣ አጎዛ የተነጠፈበት መደብ ላይ ተቀመጡ፣ ከዶሮው ፈረሰኛው ተመርጦ ይውጣላችሁ፤ ከዚያ አላውቅም በሉ።

እንግዲህ አያ ዋሴ ሞቱ። አያ ዋሴ የአማቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ድምፃቸው ከዚህ ማዶ ሲጣሩ እዚያ ማዶ ያለ በሬ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከአባታቸው የወረሱት አንድ አሮጌ ጠመንጃ ነበራቸው፤ በአፉ የሚጎርስ ዓይነት። ባሩዱ በአፈሙዙ ይፈስሳል፣ ጨርቅ ይጎሰጎስበታል፣ በዘንግ ይጠቀጠቃል፣ ከኋላ በኩል ትንሽ የመዳብ ቆብ ይደፋለታል፤ ቃታው ሲሳብ መዶሻው ቆቧን ይመታታል። ይህ ሁሉ እስኪሆን ጠላት ካልታገሠ ስለማይሆን "ቆመህ ጠብቀኝ" ይሉታል።

በዚያ ቤት ወግ ወንድ ሲሞት ይህ ጠመንጃ ሦስት ጊዜ ይተኮሳል። አያ ዋሴ ለአባታቸው ተኩሰዋል፤ ለአጎታቸውም ተኩሰዋል። የራሳቸው ቀን ሲደርስ የሚተኩስላቸው ጠፋ። አያያዙን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ባሩድ የሚቀምሙት ሽማግሌም ከሞቱ ቆይተዋል። ቀብሩ ያለ ተኩስ አለፈ። አማቴ ይህ ነገር ጉሮሯቸው ላይ እንደ አጥንት ተሰንቅሮባቸው ከረመ።

ያኔ ነው ቆርቆሮው የታወሳቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የድሮ ዘመን ጦርነት ፊልም የሚያነሱ ሰዎች ወደዚያ አገር መጥተው ያንን ጠመንጃ ተውሰው ነበር። ሲመልሱ ግማሽ የቀረ ቆርቆሮና አንድ ትንሽ ሳጥን የመዳብ ቆብ ለአያ ዋሴ ሰጧቸው። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው እውነተኛ ባሩድ አይደለም፤ የባሩድ ምትክ ነው፤ ፋብሪካ የሠራው፣ መልኩ ወደ አመድ ያደላ፣ እንደ ባሩድ የሚጨስና የሚጮህ። አያ ዋሴ ምትክ የሚባል ነገር አይወዱም። ሳይነኩት ጎታው ላይ ከቅቤ ቅሉ አጠገብ አስቀመጡት፤ እንደተቀመጠም ሞቱ።

ተዝካራቸው ቅዳሜ ሊሆን ዓርብ ከሰዓት ተጠርቼ ደረስኩ። ቤት ውስጥ አማቴ፣ የነፍስ አባታቸው መምሬ ተገኘ፣ የቀበሌው ሚሊሻ ሙላትና የሚስቴ ታናሽ እህት የሺ ነበሩ። የሺ ስድስት ዓመት አረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ በቅርቡ የተመለሰች ልጅ ናት። ጥግ ይዛ ለነገው ድግስ ዱቄት ትነፋለች።

"ቀበሌው ለቅሶ ላይ ጥይት መተኮስ ከልክሏል" ይላል ሙላት። "ባለፈው ሰርግ ላይ ወደ ሰማይ የተተኮሰች ጥይት ስትወርድ የሰው ጣሪያ በስታ ሊጥ ውስጥ ነው የተገኘችው።"

"የእኛው ጥይት የለውም ልጄ" አሉ አማቴ። "ድምፅ ብቻ ነው። ድምፅ ሲወርድ ማንንም አይመታም።"

ሙላት አሰበበት። "ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?"

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ገና ጫማዬን አልፈታሁም። ሙላት ከደብተሩ ወረቀት ቀደደና "እኔ መምህር እገሌ ለሚደርሰው ነገር ሁሉ" የሚል ጻፈ። "ሁሉ" የሚለውን ቃል በብዕር ሁለት ጊዜ አደመቀው። ፈረምኩ። ሰው ደክሞት ሲገባ አይፈርም፤ ይህን ተማሩ።

ከዚያ ቆርቆሮው መጣ። "በል እንግዲህ ልጄ፣ ምን ይላል?" አሉኝ አማቴ።

ፊደሉ የጉንዳን እግር ያህላል። ግማሹ በቅቤ እድፍ ተሸፍኗል፤ ይህንን ሳይ እሰየው፣ ሥራዬ ቀለለ አልኩ በሆዴ። የመጀመሪያው መስመር ባሩድ አይደለም፣ የባሩድ ምትክ ነው ይላል። ነገርኳቸው። ሁለተኛው ደረቅ ቦታ ይቀመጥ ይላል። ነገርኳቸው። ሦስተኛው ከእሳት ይራቅ ይላል።

"ይህንንማ ለማወቅ ፈረንጅ መሆን አያስፈልግም" አሉ መምሬ።

አራተኛው በቀይ የተጻፈ ነው። በቮልዩም ይለካ እንጂ በክብደት አይለካ ይላል። ክብደት የሚለውን አወቅሁት። ቮልዩም ላይ ስደርስ ቆምኩ። እኔ ቮልዩም የማውቀው ሬዲዮ ላይ ነው። ሲጠመዘዝ ድምፅ የሚጨምረው ነገር ቮልዩም ነው። ሌላ ቮልዩም አላውቅም። ስድስት ዓይን አፌን ይጠብቃል።

"የሚለካው በድምፅ ነው ይላል" አልኩ። "በክብደት አይደለም።"

አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ "እንዴት ያለ ጥበብ ነው!"

"ሳይተኮስ ድምፁ በምን ይታወቃል?" አለ ሙላት።

ያን ቀን ከተጠየቀው ሁሉ ብቸኛው ብልህ ጥያቄ ይህ ነበር። እኔ ግን አንዴ ገብቼበታለሁ። "በጥቂቱ ተጀምሮ ይሞከራላ! ካነሰ ይጨመራል። ሬዲዮስ እንደዚያው አይደለም?"

መምሬ ደስ አላቸው። "እንዲያማ ከሆነ የዜማ ሥርዓት እናስይዘው። የመጀመሪያው በግዕዝ ይሁን፣ ሁለተኛው በዕዝል፣ ሦስተኛው በአራራይ።"

"ብቻ እንዳታሳንሰው" አሉ አማቴ። "ወንድሜ ድምፀ ጎላ ሰው ነበር።"

የሺ ወንፊቷን አስቀመጠች። "ጋሼ" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "ማዳም ቤት ኬክ ስንጋግር ቮልዩም የሚሉት በስኒ መስፈሩን ነበር። ሚዛን ላይ አታውጪው፣ በዚህ ስፈሪው ትለኝ ነበር። ይሄ የአረቄ መለኪያ አይሆንም?"

መለኪያው እዚያው አማቴ ፊት ቆሟል። ስሙ ራሱ መለኪያ ነው። እኔ ግን በምርጥ መደብ ላይ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ።

"የሺዬ" አልኳት፣ "ይህ ኬክ አይደለም።"

ወንዶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እሷ ወደ ወንፊቷ ተመለሰች። ስድስት ዓመት በሰው ቤት ዝም በይ ስትባል የኖረች ልጅ ናት፤ ዝም ማለት ታውቅበታለች። ከዚህ ሁሉ ነገር ዛሬም የሚያሳፍረኝ ያ ሳቅ ነው። ቅንድብስ ይበቅላል።

ቅዳሜ ጠዋት ፍትሐቱ አበቃ። ዳሱ ሞልቷል። ሩቅ ዘመድ ስለመጣ ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ። አማቴ ጠመንጃውን በሁለት እጃቸው አቅፈው እንደ ሕፃን አወጡትና ለእኔ ሰጡኝ። የፈረመ ይተኩስ ተብሎ ተወስኖ ነበር፤ ማን እንደወሰነ እስካሁን አልታወቀም። እኔ ከጠመንጃ ጋር ያለኝ ዝምድና ክፍል ውስጥ ቀረርቶ ሳስተምር ብቻ ነው። ክብደቱ ትከሻዬን አጎበጠው። ግቢው ጫፍ ላይ፣ ፊቴን ወደ ባዶው ቁልቁለት አድርጌ ቆምኩ።

በዕቅዳችን መሠረት በዝቅተኛው ድምፅ ጀመርኩ። በሦስት ጣቴ ቆንጥሬ አፈሰስኩ። ጨርቁንም ድምፁ እንዳይታፈን ብዬ ላላ አድርጌ ጎሰጎስኩት። ቆቧን ደፋሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ቃታውን ሳብኩ።

ቆቧ "ቷ" አለች። ከዚያ ምንም። ከዚያ ከአፈሙዙ "ፍሽሽሽ" የሚል ነገር ወጣና እንደ እርጥብ ኩበት ጭስ እግሬ ሥር ተጥመለመለ። ጨርቁ ከአፈሙዙ ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ፤ መሬት ለመውደቅ እንኳ ኃይል አላገኘም።

ለቅሶው ቆመ። ደረቷን ልትመታ እጇን ያነሣች ሴት እጇ አየር ላይ ቀረ። አልቃሿ ግን ለፍቶ አዳሪ ናት፤ የተገኘ ነገር አታባክንም። ጉሮሮዋን ጠረገችና፦

"ተነሣ አያ ዋሴ፣ ተመልከት ጉድህን፣
ድመት አስነጠሰች ይዛ ጠመንጃህን!"

ለተዝካር የመጣ ሕዝብ ሲስቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ነጠላ አፉ ላይ አድርጎ ትከሻው ነው የሚስቀው። ዳሱ በሙሉ በትከሻ ተንቀጠቀጠ። አማቴ ግን አልሳቁም። መሬት መሬት እያዩ በቀስታ "አሳነስከው" አሉኝ። ከስድብ ሁሉ የከፋ ነበር።

እንግዲህ ከፍ ማድረግ ነው። በቁጣ ውስጥ ሆኜ፣ በደመ ነፍስ፣ ቆርቆሮውን ዘቅዝቄ ወደ አፈሙዙ ገለበጥኩት። ምን ያህል እንደገባ እኔ አላየሁም፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ጨርቅ ደራረብኩበት። ቆብ ደፋሁ። ትከሻዬን አጠነከርኩ። ሳብኩ።

"ቷ።"

ምንም።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጠርኩ። ምንም። ፍሽታ እንኳ የለም። ከዳሱ ውስጥ አንድ ሳል ተሰማ። ያ ሳል ገደለኝ። አንድ ነገር መናገር አለብኝ አልኩ፤ አስተማሪ አይደለሁ? ጠመንጃውን ዝቅ አድርጌ ወደ ሕዝቡ መዞር ጀመርኩ። "እንደምታዩት" ብዬ፣ መዶሻውን ለማየት ጎንበስ አልኩ፣ "ችግሩ ያለው—"

የጠመንጃውን ስም አስታውሱ። እኔ ቆሜ አልጠበቅሁም።

ፈነዳ። ምትክ ባሩድ ቶሎ አይቀጣጠልም፤ አንዳንዴም እሳቱን ውስጥ ውስጡን ይዞ ይቆያል፤ ይህንን በኋላ ነው ያወቅሁት። ከመዶሻው በኩል የወጣው ወላፈን ቅንድቤን ወሰደው። ሰደፉ ሆዴን መታኝና በጀርባዬ የላም እበት ላይ ተዘረርኩ። ገና ዞሬ ስላልጨረስኩ አፈሙዙ ወደ ሰው አልደረሰም ነበር፤ ተመስገን፣ አሁንም ሌሊት ሲነቃኝ ተመስገን እላለሁ። ሙላት የሚያህል ታጣቂ የእንጀራ መሶብ ሥር ገባ። የመምሬ በቅሎ ችካሏን ነቅላ፣ ኮርቻዋንና የመምሬን ጃንጥላ እንደያዘች፣ በቁልቁለቱ ጠፋች።

ያ የደራረብኩት ጨርቅ ደግሞ እየነደደ በረረና የጭዱ ክምር ላይ አረፈ።

የጭድ ክምር ማለት እዚያ አገር የከብቱ ክረምት ማለት ነው። ጫፉ ጨሰ። ከዚያ ቀላ። ወንዙ ሩቅ ነው፤ እንስራዎቹ ጠዋት ለድግሱ ባዶ ሆነዋል። ሁሉም እሪ ይላል እንጂ የሚንቀሳቀስ የለም። የአያ ዋሴ ሚስት፣ ባለ ሐዘኗ እትይ ብርቄ፣ ከተቀመጡበት ተነሡና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ።

"ጠላውን!" አሉ። "ምን ታያላችሁ! ጠላውን አምጡ!"

ሁለት ጋን ጠላ፣ የአርባ ቀን ዝግጅት፣ በቅል በቅል እየተቀዳ ጭድ ላይ ፈሰሰ። እኔም ከእበቱ ተነሥቼ ከሴቶቹ ጋር ስቀዳ ነበር፤ አንዱን ቅል በስህተት ሙላት ላይ ደፋሁት። እሳቱ ጠፋ። ክምሩ ተረፈ። በኋላ ላሞቹ ሳምንት ሙሉ ሰክረው ከረሙ ብለው የሚያወሩ አሉ፤ ሐሰት ነው። አንዷ ብቻ ናት።

ሁሉም ጸጥ ሲል ሙላት ጠላ እያንጠባጠበ መጣና ጠመንጃውን ከመሬት አነሣ። ኪሱን መታ መታ አደረገ፤ "ወረቀቱ እዚህ ነው መምህር" ማለቱ ነው። አማቴ የደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸው ጠላ ጠላ ይሸታል።

"ሁለት" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። "ሁለት ተተኩሶ ይቀራል? እንዲህ ያለ ሽኝት የት አገር አለ?"

ከጎናቸው ተንበረከክሁ። በጆሯቸው ብቻ ልንገራቸው ብዬ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። "አባባ፣ ቮልዩም ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። ከራሴ ነው ያወጣሁት። የምታውቀው የሺ ናት። ትናንት ነግራኝ አሳፈርኳት።"

ለካ ጆሮዬ ደንቁሯል። ሹክ ያልኩ መሰለኝ እንጂ በአያ ዋሴ ድምፅ ነበር የተናገርኩት። ዳሱ ጫፍ ያለው ሰው ሳይቀር ወደ እኔ ዞረ።

አማቴ "የሺ" ብለው ተጣሩ።

የሺ መጣች። ቆርቆሮውን ከመሬት አነሣች። ትንሽ ቀርቶታል። ያንን የቅቤ እድፍ በአመድና በቀሚሷ ጫፍ ፈትጋ ስታስለቅቀው ከሥሩ ጽሑፍ ብቻ አልነበረም፤ ሥዕል ነበር። አንዱ ላይ እጅ ዘንጉን አጥብቆ ይጠቀጥቃል። ሁለተኛው ላይ ጠመንጃው አልተኩስ ሲል ሰውዬው አፈሙዙን ወደ ባዶ ሜዳ እንዳደረገ ቆሞ ይጠብቃል። ሦስተኛው ላይ ጀበና የሚመስል ነገር በአፈሙዙ ሙቅ ውሃ ያፈስሳል። ያላነበብኩትን ሁሉ አንድ ከብት ጠባቂ ቢያየው ይገባው ነበር።

"በልክ ካደረግነው ለአንድ ጊዜ ይበቃል" አለች።

"ሴት ልትተኩስ ነው?" አለ አንድ ሽማግሌ ከዳሱ ውስጥ።

እትይ ብርቄ እጃቸው እስከ ክርናቸው በጥቀርሻ እንደጠቆረ ዞሩ። "የሞተው የእኔ ባል ነው" አሉ። "ማን እንደሚተኩስለት እኔ እናገራለሁ። ሙላት፣ ጠመንጃውን ለልጅቱ ስጣት።"

ሙላት መምሬን አየ። መምሬ ሰማዩን አዩ። ሙላት ሰጣት።

"እኔስ ምን ልሥራ?" አልኩ።

"አንተ" አሉ አማቴ፣ ቁጣም ሳይኖርባቸው፣ ድካም ብቻ፣ "አንተ የመምሬን በቅሎ አምጣ።"

ሄድኩ። ካገባሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ልሠራው የምችለው ሥራ ተሰጠኝ።

በቅሎዋ ከወንዙ ማዶ የሰው ገብስ ውስጥ ቆማ ትግጣለች። ጃንጥላው ኮርቻዋ ላይ ተዘርግቷል፤ ጳጳስ ትመስላለች። ልይዛት ስደርስ አንድ እርምጃ ትሄዳለች፤ ስቆም ትቆማለች። እንዲህ እየተባባልን የሰውን ገብስ ዳር እስከ ዳር ረገጥነው። በመጨረሻ እኔ ሲደክመኝ ተቀመጥኩ፤ እሷ መጥታ አሸተተችኝ። እበትና ጠላ የተቀባ ሰው ምን እንደሆነ ልትመረምር ይመስለኛል። ልጓሟን ያዝኩ።

ያኔ ተተኮሰ።

እንዴት ልንገራችሁ። የደነቆረ ጆሮዬ እንኳ ሰማው። ክብ፣ ሙሉ፣ ወፍራም ድምፅ ነበር፤ ከጉና ሄዶ ተመለሰ፣ ከማዶው ገደል ሄዶ ተመለሰ። ከቤቶቹ በላይ ነጭ ጭስ ቀጥ ብሎ ወጣ። ከሥሩ ለቅሶው እንደ ጎርፍ ተነሣ፤ ትከሻ የሚስቅበት ሳይሆን እውነተኛው። በቅሎዋ ጆሮዋን አቁማ ሰማች እንጂ አልሸሸችም።

እኔ መጀመሪያ ወደዚያ ቤት ሽማግሌ ልኬ መልስ ልሰማ የሄድኩ ቀን ትዝ አለኝ። ዳገቱን ስወጣ አያ ዋሴ ከላይ ሆነው አዩኝና "መምህር! ቁርስ በልተሃል ወይ?" ብለው ጮኹ። አልበላሁም ነበር። ከዚህ ማዶ እስከዚያ ማዶ ያለ ሰው ሁሉ አለመብላቴን ሰማ። ሦስት ቤት ደጁ ላይ እንጀራ ይዞ ጠበቀኝ። ቀብራቸው ላይ ድንኳን ስተክል፣ ወረቀት ስጽፍ፣ ለመጣው ሁሉ ስመላለስ ለእሳቸው አንዲት እንባ አላወጣሁም፤ ጊዜ አልነበረም። አሁን የሰው ገብስ ውስጥ፣ በቅሎ ይዤ፣ አንድ ቅንድብ ሆኜ፣ ለአያ ዋሴ አለቀስኩ።

በቅሎዋን ይዤ ስመለስ ሰው እየተበተነ ነበር። ጠላ ስለሌለ የሚቆይም የሚጫወትም የለም፤ ከወንዝ የተቀዳ ውሃ ጠጥቶ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ይሄዳል። መምሬ ጃንጥላቸውን አገላብጠው አዩና ባረኩኝ። ሙላት አጠገቤ ሲያልፍ ያንን ወረቀት አውጥቶ በጭኑ ላይ አስተካክሎ አየው፤ በጠላ ርሶ ቀለሙ ፈስሷል። "አይነበብም" አለና ጥሎት ሄደ።

የሺ ከቤቱ ጀርባ ውሃ አፍልታ ጠመንጃውን ልታጥብ ነበር። ሥዕሉ ላይ ያለው ጀበና በዚያው ቀን ካልፈሰሰበት ያ ምትክ ባሩድ ብረቱን ይበላዋል። ሄጄ ፊቷ ቆምኩ። ምን እንደምል አላዘጋጀሁም።

"የሺዬ፣ ትናንት—"

"ጋሼ፣ ቀጥ አድርገህ ያዝልኝ" አለችኝ። "ትኩስ ነው፣ እንዳይነካህ።"

ያዝኩ። እሷ ቀስ ብላ አፈሰሰች። ውሃው ከታች ጥቁር ሆኖ ጫማዬ ላይ ወረደ። እግሬን አላነሣሁም። ደግማ አፈሰሰች፤ አሁንም ጥቁር ነው። በሦስተኛው አመድ መሰለ።

"ሲተኮስ ፈርተሽ ነበር?" አልኳት።

"በጣም" አለች። "ግን ሁሉም ዝም ብሎ ይጠብቀኝ ነበር። እንዲያ ጠብቀውኝ አያውቁም።"

አራተኛው ውሃ ጠርቶ ወረደ። ቀና ስል አማቴን አየኋቸው። ከግድግዳው ሥር፣ የከሰዓት ፀሐይ ፊታቸው ላይ አርፎ፣ ዱላቸውን እንደያዙ ተኝተዋል። ስንዱ ነግራኛለች፤ ወንድማቸው ከሞቱ ወዲህ በቅጡ ተኝተው አያውቁም። አሁን አፋቸው ተከፍቶ ያንኮራፋሉ።

እትይ ብርቄ ከቤት ወጡ። ክንዳቸው ላይ አንድ ጋቢ ነበር፤ የአያ ዋሴ ጋቢ ነው፣ ጠርዙን አወቅሁት። ጠላ የሸተተውን ጋቢ ከአማቴ ትከሻ ላይ ቀስ ብለው አነሡና ያንን አለበሷቸው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። እኔና የሺ ጠመንጃውን በሁለት ጫፍ ይዘን፣ እንዳይጋጭብን እየተጠነቀቅን፣ በጣታችን እየረገጥን ወደ ውስጥ አስገባነው።